ጅቡ፣ አማቴና የመጨረሻው ባጃጅ

እኔ መጨረሻ የማየት ልማድ የለኝም። ፍልስፍና እንዳይመስላችሁ፤ የባጃጅ ጉዳይ ነው። ሶዶ ውስጥ ሰርግም ይሁን ኳስ፣ የጸሎት ኮንፈረንስም ይሁን የትምህርት ቤት በዓል፣ ሲያልቅ ሰው ሁሉ በአንድ በር ይወጣና ባጃጅ ይሻማል። በዚያ ግርግር ልጅ አዝሎ፣ ሚስት አስከትሎ፣ "ኮንትራት ካልሆነ አልሄድም" ከሚል ሹፌር ጋር ከመጨቃጨቅ፣ ሰው ገና ቁጭ ብሎ እያጨበጨበ ሳለ ሹልክ ማለት ይሻላል ብዬ ወሰንኩ። መቼ እንደወሰንኩ አላስታውስም። ከወሰንኩ በኋላ ግን አንድም ነገር ሲያልቅ አይቼ አላውቅም።

እያጋነንኩ እንዳይመስላችሁ በዝርዝር ልናዘዝ። ስታዲየም ስገባ ሰማንያኛው ደቂቃ ላይ እነሳለሁ። ጎሎቹን የምሰማቸው ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ነው። ከኋላችን ሕዝቡ ሲጮህ ሹፌሩ ዞር ብሎ "ገባ መሰለኝ" ይለኛል፤ እኔም "ይመስላል" እለዋለሁ። ቤተ ክርስቲያን ደግሞ የመጨረሻው መዝሙር ሲጀመር መጽሐፍ ቅዱሴን ብብቴ ሥር ይዤ በጎን በር ነኝ። ባለቤቴ አስቴር አንድ እሁድ ቁጭ ብላ አሰላችና "አንተ ሰውዬ፣ ስምንት ዓመት ሙሉ ቡራኬ ሳትቀበል ነው የኖርከው" አለችኝ። የደረጃ እድገቴ ለምን እንደዘገየ ያን ቀን ገባኝ። ቢሆንም አልተለወጥኩም።

ከማን እንደወረስኩት አላውቅም። አባቴ ከጉራጌ አገር መጥቶ እዚሁ ሶዶ ሱቅ ከፍቶ የቀረ ሰው ነበር፤ ከመንደሩ ሱቆች ሁሉ መጨረሻ የሚዘጋው የእሱ ነበር። ምናልባት የእኔንም ድርሻ ቆይቶልኝ ይሆናል። በራሴ ሰርግ ላይ የሆነውን ነገር ደግሞ አሁን አላነሳውም። አስቴር የምታነሳበት ቦታ አለ፤ ትደርሱበታላችሁ።

ይህ አመሌ እኔን ብቻ ቢጎዳ ኖሮ ምንም አልነበረም። ኤልሻዳይ የምትባል የሰባት ዓመት ልጅ አለችኝ፤ ሁለተኛ ክፍል ናት። መምህሯ ሰኞ ሰኞ ተማሪዎቹን በተራ ወደ ሰሌዳው እያወጣች ቅዳሜና እሁድ ያዩትን ነገር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንዲተርኩ ታደርጋለች። ልጄ ተራዋ ሲደርስ ስለ አጎቷ ሰርግ ተረከች። ሙሽራዋ ገባች፤ መኪናው አበባ ለብሶ ነበር፤ ሚዜዎቹ ጨፈሩ፤ ኬኩ ባለ አምስት ፎቅ ነበር።

"ከዚያስ?" አለች መምህሯ።

"ከዚያ ባጃጅ ተሳፈርን" አለች ልጄ።

ክፍሉ ሳቀ። ሌላ ጊዜ ስለ ገመድ ጉተታ ውድድር ተረከች። ቀዮቹ ጎተቱ፣ አረንጓዴዎቹ ጎተቱ፣ ገመዱ ወዲህ መጣ፣ ወዲያ ሄደ። "ከዚያስ?" ስትባል "ከዚያ ባጃጅ ተሳፈርን" አለች። ልጆቹ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሟን "ባጃጅ" አሉት። በእረፍት ሰዓት ገና ብቅ ስትል "ድድድድድ" እያሉ ይዞሯታል። ይህን የነገረችኝ አስቴር ናት። ልጄ ለእኔ ትንፍሽ አላለችም። አንድ ጠዋት ጫማዋን ሳስርላት ብቻ፣ ቀና ብላ ሳታየኝ፣ "አባዬ፣ የሰው አባት ግን እስኪያልቅ ይቆያል አይደል?" አለችኝ። ክሩን ሁለት ጊዜ አስሬ ሁለት ጊዜ ፈታሁት።

በዚያው ሳምንት በሞንታርቦ እየዞሩ ለፈፉ፤ ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ ወጣቶች ተሰባስበው ለሕፃናት ያዘጋጁት የጅብና የፍየል ቴአትር በከተማው አዳራሽ ይታያል። ሰኞ ደግሞ የኤልሻዳይ ተራ ነው። ወደ እኔ መጣችና እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ "እስከ መጨረሻው?" አለችኝ። "እስከ መጨረሻው" አልኳት። ሦስት ጊዜ አስባለችኝ። ሦስተኛውን እናቷን ጠርታ፣ ምስክር አድርጋ ነው ያስባለችኝ።

ቅዳሜ ለመውጣት ስንዘጋጅ በሩ ተንኳኳ። አማቴ አቶ ዳልኬ ሁምቦ ካለችው ከተማቸው ከተበላ በሚኒባስ መጥተው በአንድ እጃቸው ከዘራ፣ በሌላው እግሩ የታሰረ ቀይ አውራ ዶሮ ይዘው ቆመዋል። ዶሮው ለእኔ ነው። አማቴ ይወዱኛል፤ ለምን እንደሚወዱኝ አስቴርም ጠይቃቸው መልስ አላገኘችም።

አቶ ዳልኬን ላስተዋውቃችሁ። ሰማንያ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው ሽማግሌ ናቸው። ሽማግሌ ስል ዕድሜውን ብቻ አይደለም፤ ሥራቸውም እሱ ነው። ሁምቦ ውስጥ ያልታረቀ የድንበር ጠብ ወይም ወደ ቤቷ ያልተመለሰች ሚስት ካለች፣ ወሬው እሳቸው ጆሮ አልደረሰም ማለት ነው። ጠብ አይተው ማለፍ አይችሉም። እኔ ያለቀ ነገር ማየት እንደማልችለው ሁሉ፣ እሳቸው ደግሞ ያላለቀ ነገር ማየት አይችሉም። አማርኛቸው ሁሉንም "አንተ" ይላል፤ ባለቤታቸውንም፣ ላማቸውንም፣ የልጅ ልጃቸውንም።

"አባባ፣ እኛ እኮ ቴአትር ልንሄድ ነው" አለች ኤልሻዳይ፣ ዕቅዱ ሊፈርስ ነው ብላ ፈርታ።

"እኔም እሄዳለሁ" አሉ አማቴ። "ቴአትር አይቼ አላውቅም።"

ዶሮውን ቤት እንዳንተወው የጎረቤት ውሻ አለ። ስለዚህ እኔ፣ አስቴር፣ ኤልሻዳይ፣ አማቴ፣ ዶሮው፣ እንዲሁም አስቴር ለመንገድ ያለችው አንድ ፌስታል ቅቅል ስኳር ድንች ከሚያቃጥለው የቃሪያ ማባያ ከዳጣው ጋር፣ ሁላችንም አንድ ባጃጅ ውስጥ ገባን። ስምንት ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ነበር። ግማሽ መንገድ እንደሄድን ሌላ ባጃጅ በጎን መጥቶ የኛን ስፖኪዮ ገጨው። ሁለቱ ሹፌሮች ወርደው ደረት ለደረት ገጠሙ።

"አባባ፣ እንዳይወርዱ" አልኳቸው። ወርደዋል።

ሁለቱንም የመንገዱ ጠርዝ ላይ አስቀመጧቸው። የማን ልጅ እንደሆኑ፣ ከየት እንደመጡ፣ አንደኛው ከጠዋት ጀምሮ እህል እንዳልቀመሰ አወቁ። ስኳር ድንች ሰጡት። ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው ሹፌሮቹ ተቃቅፈው፣ ስልክ ተለዋውጠው ተለያዩ። ኤልሻዳይ እያለቀሰች ነበር። "መጀመሪያው አመለጠኝ" አለች። እኔን ነው የምታየው። እሳቸው ያደረጉትን እኔ ላይ ነው የምትቆጥረው፤ ባለፈ ሥራዬ ስለምታውቀኝ አልፈረድኩባትም።

ስንደርስ ግን ቴአትሩ አልተጀመረም። የክብር እንግዳው ይጠበቃል። ሁለት መቶ የሚሆን ሕፃን ወንበር እየረገጠ፣ እናቶች እያባበሉ፣ አባቶች ስልካቸውን እያዩ ሰውየው ዘጠኝ ተኩል ላይ መጣ። ስሙንም ቢሮውንም አልጠቅስም፤ እንደሱ ያለ በየከተማው አለላችሁ። መድረክ ላይ ወጣና "ጊዜ ስለሌለኝ በአጭሩ" ብሎ ሕፃናት የነገ አገር ተረካቢ መሆናቸውን ለግማሽ ሰዓት አስረዳን። ተረካቢዎቹ ግማሾቹ ተኙ። ከዚያ "ሌላ ስብሰባ ስላለብኝ ይቅርታ" ብሎ ቴአትሩ ሳይጀመር ወጣ። እኔ ከመጨረሻው በፊት የምወጣ ሰው ነኝ፤ እሱ ከመጀመሪያው በፊት ወጣ። በሙያዬ የሚበልጠኝ ሰው ሳይ አከብራለሁ፤ ብድግ ብዬ ሸኘሁት።

ኤልሻዳይ ሸሚዜን ጎትታ አስቀመጠችኝ። ለመውጣት የተነሳሁ መስሏት ደንግጣለች።

መጋረጃው ተከፈተ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ቆንጆ ቴአትር ነበር። ነጭ ጨርቅ ለብሳ ከካርቶን የተሠራ ቀንድ ያደረገች ፍየል ነበረች። ከማዳበሪያ ከረጢት የተሰፋ ቆዳ ለብሶ ትልቅ የጅብ ጭንቅላት ያጠለቀ ረጅም ልጅም አለ። ፍየሏ ገበያ ስትሄድ ጅቡ ትንሿን ግልገል ጆንያ ውስጥ ከቶ ተሸከማት። ፍየሏ ተመልሳ ልጇን አጣች። "ልጆች፣ ልጄን አይታችኋል?" ስትል አዳራሹ በሙሉ "ጆንያው ውስጥ ናት" ብሎ ጮኸ። ኤልሻዳይ ወንበሯ ላይ ቆማ ነው የጮኸችው።

በዚህ መሀል እግሬ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እግሬ የራሱ ሰዓት አለው። ነገሩ ወደ መጨረሻው ሲቃረብ ከእኔ ቀድሞ ያውቃል። በር ላይ ስንት ባጃጅ እንደቆመ፣ የትኛው መተላለፊያ ክፍት እንደሆነ ማሰብ ጀምሬያለሁ። ልጄ ዓይኗን ከመድረኩ ሳትነቅል እጇን ጉልበቴ ላይ አሳረፈች። እግሬ ቆመ። አፈርኩ።

ፍየሏ ዱላ አነሳች። ወደ ተመልካቹ ዞራ "ልጆች፣ ይህን ሌባ ምን እናድርገው?" አለች። "በይው" አሉ ልጆቹ። "ምን?" "በይው! በይው!" ሁለት መቶ ሕፃን ወለሉን በእግሩ እየደበደበ ሲጮህ አዳራሹ ተንቀጠቀጠ። የኔዋም አለችበት። ዱላው ወደ ላይ ወጣ።

"ቆይ" አለ አንድ ድምፅ። "ዱላውን አስቀምጥ።"

ድምፁ የሚመጣው ከኔ አጠገብ ነው። አማቴ ዶሮውን ታቅፈው፣ ከዘራቸውን እያስቀደሙ ወደ መድረኩ ደረጃ እየሄዱ ነበር። ልይዛቸው እጄን ስዘረጋ የያዝኩት የዶሮውን ጭራ ነው። አንድ ላባ በእጄ ቀረ።

በኛ አገር ሽማግሌ "አስቀምጥ" ሲል የማያስቀምጥ ሰው ገና አልተወለደም። ፍየሏ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ትመስላለች፤ ዱላውን አስቀምጣ እጇን አጣመረች። አዘጋጁ፣ ጽሑፉን በእጁ የጠቀለለ ቀጭን ወጣት፣ ከመጋረጃው ጀርባ በቁጣ ሮጦ ወጣ። አማቴን ሲያይ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ፤ ተመለሰና ወንበር ይዞ መጣ። ጅቡም በሽማግሌ ፊት ራስ ተሸፍኖ አይቆምምና ጭንቅላቱን አውልቆ በብብቱ ያዘው። ላብ ያጠመቀው የሃያ ዓመት ልጅ ሆነ። ፊት ወንበር ላይ ያለ ሕፃን ጅቡ በሁለት ሲከፈል አይቶ ለቅሶውን አቀለጠው።

"የማን ልጅ ነህ?" አሉ አማቴ።

ጅቡ ተናገረ። ከሻንቶ ነው።

"አያትህን አውቃለሁ። በሬ ተሰርቆበት እንኳ ሰው ላይ እጁን ያላነሳ ሰው ነበር። አንተ የጎረቤት ልጅ ጆንያ ውስጥ ትከታለህ?"

"አባባ፣ እኔ እኮ ተዋናይ ነኝ።"

"ሥራህን አልጠየቅሁህም። ቁጭ በል።"

ቁጭ አለ። እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ከፊቴ ያሉ ሰዎች "የማን አባት ናቸው?" እየተባባሉ ዞረው ያያሉ፤ እኔም አብሬያቸው ወደ ኋላ ዞሬ አየሁ።

"ግልገሉን ወስደሃል?" አሉት።

"ወስጃለሁ።"

"በልተሃል?"

"ገና ነኝ፣ አባባ።"

"ለምን ወሰድህ?"

ጅቡ ወደ አዘጋጁ አየ። አዘጋጁ የተጠቀለለውን ወረቀት ፈቶ አገላበጠና ትከሻውን ነቀነቀ። ጽሑፉ ላይ የለም። ምስኪኑ ጅብ ትንሽ አሰበ። "ርቦኝ ነው" አለ። "ጎረቤት ሆነን በመከር እንኳ ጠርታኝ አታውቅም።"

አማቴ ወደ ፍየሏ ዞሩ። "ጎረቤትህን በመከር አልጠራህም?"

"ጅብ እኮ ነው፣ አባባ" አለች ፍየሏ።

"ጎረቤት ነው አይደለም?"

ፍየሏ አንገቷን ደፋች። "ነው።"

ቅድም "በይው" ሲል የነበረው አዳራሽ ጸጥ አለ። አንዲት ትንሽ ልጅ ከወደ መሀል "እኔ ምሳዬን እሰጠዋለሁ" አለች። በዚህ ጊዜ መድረኩ ጥግ ያለው ጆንያ ተንቀሳቀሰና "እኔስ ልውጣ?" አለ። ግልገሏን ሁላችንም ረስተናት ነበር። የአሥር ዓመት ልጅ ናት፤ ፀጉሯ ላይ ገለባ ተለጥፎ ወጣችና እዚያው እግራቸው ሥር ተቀመጠች።

እንግዲህ የኔ ጥፋት እዚህ ላይ ነው የመጣው። ቴአትሩ ተበላሽቷል ብዬ አሰብኩ። ሰው ሁሉ አፉን ከፍቶ ወደ መድረኩ ያያል፤ በሩ ነፃ ነው፤ ከውጭ የባጃጅ ሞተር ይሰማኛል። ኀፍረቱና አመሌ አንድ ላይ ሆነው አስነሱኝ። የልጄን እጅ ያዝኩና "ነይ እንውጣ፣ ባጃጅ ሳይጠፋ" አልኳት። የሚስቴን አባት መድረክ ላይ ጥዬ መሄዴ ነበር። ሦስት ጊዜ ያልኩት ቃል ትዝም አላለኝ።

ኤልሻዳይ አየችኝ። አልተቆጣችም፤ አላለቀሰችም። እንደዚያ ከምታየኝ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

"ሌላ የተበደለ አለ?" አሉ አማቴ ከመድረኩ። ዕርቅ ሲያወርዱ ሁልጊዜ የሚጠይቁት ነው።

ልጄ እጇን መንጭቃ በወንበሮቹ መሀል ሮጠች። ደረጃውን በአራት እግሯ ወጣችው። "አባባ፣ እኔም ክስ አለኝ።"

"ማን በደለህ?"

"አባዬ።"

ሳቅ ተነሳ፤ አማቴ ከዘራቸውን መታ ሲያደርጉት ቆመ። "ምን አደረገህ?"

"ሳያልቅ ያስወጣኛል። ሁሌም። ሰኞ ተራዬ ነው፤ መጨረሻውን ካላወቅኩ ደግሞ 'ባጃጅ' ይሉኛል።" ጣቷን ወደ እኔ ቀሰረች። "እቆያለሁ ብሎ ሦስት ጊዜ ቃል ገብቷል። አሁንም ሊያስወጣኝ ነበር።"

አማቴ ከዘራቸውን ወደ እኔ አቀኑ። "አንተ፣ ና ውጣ።"

ከወንበሬ እስከ መድረኩ ያለው ርቀት ከሶዶ እስከ ተበላ ካለው መንገድ ይረዝማል። ወጣሁ። ከጅቡ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ አስቀመጡኝ። ጅቡ ጭንቅላቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጠጋ አለኝና "ወንድሜ፣ አንተ ምን በልተህ ነው?" አለኝ በሹክሹክታ።

"መጨረሻ" አልኩት።

መከላከያ አለህ ወይ ተባልኩ። የባጃጅ ጉዳይ መሆኑን፣ ሰው አንድ ጊዜ ሲወጣ ምን እንደሚሆን፣ ሁሉንም ለልጄ ምቾት ብዬ እንደማደርገው አስረዳሁ። ከኋላ አንድ አባት "እውነቱን ነው" አለ። "አንተ ደግሞ ተራህን ጠብቅ" አሉት አማቴ። ሰውየው ተቀመጠ።

"ምስክር አለ?"

አስቴር እጇን አወጣች። ልታድነኝ መስሎኝ ደስ አለኝ።

"በሰርጋችን ቀን" አለች አስቴር ቆማ፣ ለሁለት መቶ ሕፃንና ለወላጆቻቸው፣ "ኬኩ ሳይቆረስ በጆሮዬ 'እንውጣ' አለኝ። 'ሰርጉ እኮ የኛ ነው' አልኩት። 'ለዚህ እኮ ነው፤ ሙሽሮቹ ከወጡ ሁሉም ይወጣል፣ ባጃጅ አናገኝም' አለኝ። የሙሽራ መኪና በር ላይ ቆሞልን ነበር። ኬኩን የቆረሱት ሚዜዎቼ ናቸው። እኔ እስካሁን አልቀመስኩትም።"

እናቶቹ ሁሉ ከንፈራቸውን መጠጡ። ጅቡ ወንበሩን ትንሽ ከእኔ ራቅ አደረገ።

አማቴ ዶሮውን ከአንዱ ክንዳቸው ወደ ሌላው አዛወሩ። ከዚያ ፈረዱ። ጅቡ ግልገሏን ይመልስ፣ ይቅርታ ይጠይቅ። ፍየሏ ከዛሬ ጀምሮ በመከር ጎረቤቷን ትጥራ። ወደ እኔ ዞሩ። "አንተ ሁለት ቅጣት አለብህ። አንደኛ፣ ዛሬ ከዚህ ቤት መጨረሻ የምትወጣ አንተ ነህ። ሁለተኛ፣ ይሄን ዶሮ ለነዚህ ልጆች ትሰጣለህ። ሥራቸውን አቋርጠንባቸዋል።"

"አባባ፣ ያቋረጡት እኮ እርስዎ..." ብዬ ጀመርኩ። አስቴርን አየሁና ተውኩት። ለእኔው ባመጡልኝ ዶሮ እኔኑ ቀጡኝ።

ዕርቅ ያለ ማዕድ አይሆንምና የኛ ፌስታል ተጠራ። ጅብና ፍየል አንድ ስኳር ድንች ለሁለት ገምሰው በዳጣ በሉ። የአስቴር ዳጣ ቀልድ አያውቅም። ጅቡ ገና እንደጎረሰ እንባው ዱብ ዱብ አለ። ልጆቹ ጸጸት መስሏቸው አብረውት አለቀሱ። አዘጋጁ ከጥግ ሆኖ ወረቀቱን ኪሱ ከተተና ከበሮው እንዲመታ ምልክት ሰጠ። ፍየሏ ዘፈነች፣ ግልገሏ ጨፈረች፣ ኤልሻዳይም መሀል ገብታ ጨፈረች። በመጨረሻ አማቴ ተነስተው መረቁ። ልጆቹ "አሜን" ሲሉ ጣሪያው ተነቃነቀ። እኔም አልኩ። የስምንት ዓመት ውዝፍ ቡራኬ በአንድ ቀን ተከፈለኝ።

ከዚያ ሰው ወጣ። እኔ ቆየሁ። ወንበር ደርድሬ ጨረስኩ፤ ጆንያውን አጠፍኩ። ጥበቃው ቁልፉን እያንቀጫቀጨ "ጋሼ፣ ልዘጋ ነው እኮ" አለኝ። ልጄን አየኋት። ደረጃው ላይ ተቀምጣ አዳራሹን ጥግ ለጥግ ቃኘችው፣ ምንም እንዳልቀረ አረጋገጠች። "አሁን አልቋል" አለች። መጨረሻ ወጣሁ።

ውጭ እንደፈራሁት ነው። አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሆኗል፤ አንድ ባጃጅ ብቻ አለ፤ እሱም ሞተሩን አስነስቷል። እየሮጥኩ ስደርስ ከውስጥ አንድ ረጅም ልጅ እጁን አወዛወዘልኝ። ጅቡ ነው። ጭንቅላቱን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ቀዩን ዶሮዬን ታቅፏል። ባጃጁ ጥሎኝ ሄደ።

ወደ ዳሞታ የሚያወጣውን ዳገት በእግራችን ያዝነው። ኤልሻዳይ ትከሻዬ ላይ ናት፤ አስቴር ባዶ ፌስታሉን ይዛለች፤ አማቴ ከዘራቸውን እየመቱ ከሁላችንም ፊት ይሄዳሉ። ድፍረት አገኘሁና ጠጋ አልኳቸው። "አባባ፣ እኔን የሚገርመኝ... ያ እኮ የእውነት ጅብ አልነበረም።"

ቆሙ። ትንሽ እንደመገረም አድርገው አዩኝ። "ዓይን የለኝም መሰለህ? ጅቡ ጅብ አይደለም፤ ፍየሉም ፍየል አይደለም። ልጆቹ ግን ልጆች ናቸው። ሁለት መቶ ልጅ 'በለው በለው' ሲል ሰምቼ ዝም ብዬ ልቀመጥ?" መንገዳቸውን ቀጠሉ።

"አባባ፣ ጅቡ ዶሮውን ይበላዋል?" አለች ኤልሻዳይ ከላይ።

"ከበላ ይጠራናል" አሉ። "ታርቀናል።"

ሰኞ ጠዋት ልጄን ትምህርት ቤት አደረስኳት። በር ላይ ትቼ ወደ ቢሮ መሄድ ነበረብኝ። አልሄድኩም። ዞሬ የክፍላቸው መስኮት ሥር ቆምኩ። ስሟ ሲጠራ ከውስጥ አንዱ "ድድድ" አለ። እሷ ግን ጀመረች። ስለ ክብር እንግዳው፣ ስለ ጆንያው፣ ስለ ዱላው፣ አባባ ስለፈረዱት ፍርድ፣ ጅቡ እያለቀሰ ስለበላው ስኳር ድንች ተረከች። ጥበቃው አዳራሹን ሲዘጋ ቁልፉ ስንት ጊዜ እንደዞረ ሳይቀር ተናገረች። "ድድድ" ያለው ልጅ ትንፋሹ አልተሰማም።

"ከዚያስ?" አለች መምህሯ።

"ከዚያ ጅቡ ባጃጅ ተሳፈረ" አለች ልጄ። "እኛ በእግራችን ሄድን።"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። የልጄን ሳቅ ከሁሉም መሀል ለይቼ ሰማሁት። ዓይኔን በእጄ ጠረግሁ፤ ሳቁ እስኪበርድ፣ ጭብጨባው እስኪያልቅ፣ "ቀጣይ ተረኛ" እስኪባል እዚያው ቆየሁ። ቢሮ የገባሁት አርፍጄ ነው። ለኃላፊዬ ምክንያቱን ከመጀመሪያው ጀምሬ ስነግረው የባጃጆቹ ግጭት ላይ ስደርስ ተነስቶ ወጣ፤ እስከ መጨረሻው አልሰማኝም።